የሰረዝኩት መስመር

ዐርብ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ቤታችን ውስጥ እኔን የሚጠራ የለም። ልጆቼ ያውቃሉ፣ ባለቤቴም ያውቃል። እራት ተበልቶ ሰሃኑ ከታጠበ በኋላ ወጥ ቤት ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ቅዱሴን፣ ደብተሬን፣ ስልኬንና አንድ ብርጭቆ ሻይ አስቀምጬ እቀመጣለሁ። በዚያው ሰዓት ኩዌት ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ቤት የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ጓደኛዬ ሻይዋን ይዛ ትቀመጣለች። የሁለቱ አገር ሰዓት እኩል ነው፤ ልዩነቱ እኛ አራት የምንለውን እነሱ አሥር ማለታቸው ነው። ሁለታችንም አንድ መዝሙረ ዳዊት እናነባለን፣ በየፊናችን እንጸልያለን፣ ከዚያ የሳምንቱን ሥራ እንላላካለን። እኔ ግጥም፣ እሷ ዜማ። አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ይሆናል።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ መንገድ ከአሥር የሚበልጡ መዝሙሮች ሠርተናል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንዷ፣ እኔ በገዛ እጄ ስላበላሸኋት መዝሙር ነው።

ከጓደኛዬ ጋር የተዋወቅነው አዳማ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የ«ለ» መዘምራን ውስጥ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አንድ ዓመት ታንሰኛለች። ያኔም ቢሆን ግጥም የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ዜማ የምታወጣው እሷ ነበረች። ኖታ አታውቅም። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ትሄድና ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ታንጎራጉራለች፤ ስትመለስ መዝሙሩ አልቋል። በአማርኛ ግጥም «የወል ቤት» የሚባለው ልክ ስንኙ ለሁለት ተከፍሎ በየግማሹ ስድስት ስድስት ቀለም የሚይዝ፣ «ሰንጎ መገን» ደግሞ አምስት አምስት የሚይዝ መሆኑን እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ ነው። እሷ ግን በጣቷ ቆጥራ «እዚህ ጋ አንድ ይተርፋል» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜም ልክ ነበረች።

ከዚያ ሕይወት ወደየአቅጣጫው ወሰደን። እኔ አዲስ አበባ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገባሁ፣ ተመረቅኩ፣ ፓስተር አገባሁ። እሷ አገባች፣ ወንድ ልጅ ወለደች፣ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባሏ በድንገት ሞተ። በ2004 ዓ.ም. ልጇን ለእናቷ ትታ አረብ አገር ሄደች። እንደ ብዙዎቹ እህቶቻችን «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብላ ነበር የሄደችው።

መላላኩን የጀመርነው ያለ ዕቅድ ነው። አንድ ቀን በኢሞ ስንጨዋወት ባለፈው እሁድ የሰበከውን ሰው ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ምን እንደተዘመረ ጠየቀችኝ፤ እሱንም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ከመጣሁ ዜማ መጥቶልኝ አያውቅም፤ ደርቄያለሁ» አለች። በዚያች ሌሊት አራት መስመር ጽፌ ላክሁላት። በሳምንቱ የድምፅ መልእክት መጣ። ማዳም ዐርብ ማታ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ስለምትሄድ፣ ቤቱ ጭር የሚልበት ሰዓት እሱ ነው። ከኋላ ማጠቢያ ማሽኑ ይጮኻል፤ ከፊት ጓደኛዬ፣ ያቺ በመስኮት በኩል ጀርባዋን ሰጥታ የምታንጎራጉረው ልጅ፣ ትዘምራለች። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቀስ በቀስ ሕግ አበጀን። አንደኛ፣ የደረሰው ሰው መልስ ባይኖረውም በዚያው ሌሊት «ደርሶኛል» ይላል። ሁለተኛ፣ ከሳምንት በፊት አንጣደፍም። ሦስተኛ፣ የአንዳችንን መስመር ሌላችን ሳንጠይቅ አንሰርዝም። ሦስተኛውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

ኮሌጅ ሳለን የመዝሙር ታሪክ ያስተማሩን መምህር አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ ብዙ የምንወዳቸው መዝሙሮች የተሠሩት አንድ ክፍል ውስጥ ባልነበሩ ሰዎች ነው ይሉን ነበር። ፋኒ ክሮዝቢ የተባለችው ማየት የተሳናት አሜሪካዊት ባለቅኔ አንዳንዴ ዜማው ቀድሞ ይመጣላትና ቃሉን እሷ ትሰጠው ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ዊልያም ዶን የተባለው ዜማ ደራሲ ከባቡሩ 40 ደቂቃ ሲቀረው ቤቷ ደርሶ ዜማውን አሰማት፣ እሷም ግጥሙን ሰጥታው ባቡሩ ሳያመልጠው ሄደ ብላ ራሷ ተርካለች። ይህችው ክሮዝቢ ከእንግሊዛዊቷ የመዝሙር ደራሲ ከፍራንሲስ ሪድሊ ሃቨርጋል ጋር ባሕር ተሻግሮ በሚሄድ ደብዳቤ ተወዳጁ፤ ሃቨርጋል ስለ እሷ ግጥም ጻፈችላት፤ ፊት ለፊት ግን አንድም ቀን አልተገናኙም። ሃቨርጋል በ1879 አረፈች።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቶማስ ቺዝም ታሪክ ነው። ቺዝም በ1866 በኬንታኪ ተወለደ። ለአንድ ዓመት ያህል አገልጋይ ሆኖ ጤናው ስላልፈቀደለት ተወው፤ በኋላም ኒው ጀርሲ ውስጥ የኢንሹራንስ ሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። ገቢው ትንሽ፣ ሰውነቱ ደካማ ነበር። ማታ ማታ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ በዕድሜው 1,200 ያህል ጽፏል። በ1923 ጥቂት ግጥሞችን ካንሳስ ውስጥ ለነበረው ለዊልያም ራንያን በፖስታ ላከለት። በመካከላቸው ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ራንያን ከግጥሞቹ አንዷን አነሣና ዜማው ለመልእክቱ የሚገባ እንዲሆን ጸለየ፤ ከዚያም ሠራት። ስለ እግዚአብሔር ታማኝነት የምትናገረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምትዘመረው መዝሙር ይህች ናት። አንዱ ፖስታ ቤት ሄዶ ላከ፣ ሌላው ፖስታ ቤት ሄዶ ተቀበለ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ድሩንና ማጉን አዘጋጅታ ለሸማኔ ትልካለች፤ ሸማኔው ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ጋቢው ሲመጣ ግን በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄ የኔ ነው» ትላለች። ከጓደኛዬ የሚመጣውን ዜማ ስሰማ እንደዚያ ይሰማኝ ነበር። ቃሎቼን እየዳሰስኩ አገኛቸዋለሁ፤ ግን ለብሰው ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ።

በሐምሌ 2012 የጓደኛዬ እናት አረፉ። ያን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሰው መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ኩዌት ደግሞ የመንገደኛ በረራ አቁማ ነበር። መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በመደበኛ ስልክ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ። ሦስት ጊዜ «ማን? ማን?» አለችኝ። ድንኳን ሳይተከል፣ ዕድርተኛው ተራርቆ ቆሞ፣ ቀበርናቸው። የልጇን እጅ ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እሷ በዚያ ሰዓት የሰው ቤት ደረጃ ትወለውል ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ዐርብ ማታችንም ተመለሰ። ለብዙ ሳምንታት ግን አንዳችንም ምንም አልላክንም፤ መዝሙረ ዳዊት ብቻ አንብበን «ደህና እደሪ» ተባብለን እንለያይ ነበር። ጳጉሜን ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግጥሙን እሷ ላከችልኝ። ዜማውም አብሮ ነበር። አንድ ስንኝ ብቻ፦

ስጠራህ ከረምኩኝ፣ ጌታዬ ዝም አልከኝ፤
ለሰው ሁሉ ነግቶ፣ ሌሊት ለኔ ቀረኝ።

ልኩን ቁጠሩት፣ ስድስት ስድስት ነው። ዜማው በትዝታ ቅኝት ነበር፤ «ዝም አልከኝ» ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይወርድና ያርፋል። ከዚያ ትንፋሽ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ማሽኑ ብቻ ይሰማል። «ደርሶኛል» አልኳት።

መስከረም 2013 ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ተከፍታ፣ ማስክ አድርገን ተራርቀን መሰብሰብ ጀምረን ነበር። የምስጋና ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ የመዘምራኑ አስተባባሪ አዲስ መዝሙር አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያለኝ እሱ ነበር። ዜማው እጅግ ያምራል፤ ቃሉ ግን… «ይህን ጉባኤው እንዴት ይዘምረዋል?» አልኩ ለራሴ። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ቀጥሎ ያልኩት «የፓስተሩ ሚስት ይህን ጻፈች ሲባልስ?» ነበር። ደግሞም ሁለት ወር አልፏል፤ መጽናናት አለባት፤ እንዲያውም ብናስተካክልላት ያጽናናታል ብዬ አሰብኩ። በደቂቃዎች ውስጥ ይህን ጻፍኩ፦

ስጠራህ ሰማኸኝ፣ ጌታዬ አየኸኝ፤
ሌሊቱ አለፈ፣ ብርሃንህ ወጣልኝ።

ይህም ስድስት ስድስት ነው። ስሕተት የለበትም። ግን ዜማውን አስቡት። «ዝም አልከኝ» ላይ የሚወርደው ድምፅ አሁን «አየኸኝ» ላይ ይወርድ ጀመር፤ ደስ ብሎት የሚያዝን ሰው መሰለ። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን ወዲያው ነቃ። «እህት፣ እዚህ ጋ ይነሳ እንጂ ለምን ይወድቃል?» ብሎ ድምፁን ወደ ላይ አነሣው፤ ትንፋሹን ዘጋው፤ ችክችካ ጨመረበት። ቃሉን ስቀይር ዜማውም አብሮ ሄደ። የጓደኛዬ የሆነ ነገር አልቀረም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልታየኝም። ጉባኤው አጨበጨበ። ቀረጻውን በስጦታ መልክ ላክሁላት፣ «የእማማ ማስታወሻ ይሁንልሽ» ብዬ።

መልሷ በማግስቱ መጣ፤ በጽሑፍ ነበር። «እግዚአብሔር ይባርካችሁ።»

«ይባርካችሁ።» ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ «አንቺ» የምንባባል ሰዎች ነን። በኛ ቤት «ይባርካችሁ» ለእንግዳ ሰባኪ ነው።

በሚቀጥለው ዐርብ አልመጣችም። በሚቀጥለውም። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም፤ እኔ ግን ዲግሪ ነበረኝ።

በዚያው በጥቅምት መጨረሻ በአገራችን ሰሜን ጦርነት ተነሣ። በረቡዕ የእህቶች ጸሎታችን ላይ ልጆቻቸው ውትድርና የሄዱባቸው፣ ዘመዶቻቸው በስልክ የጠፉባቸው እናቶች መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ያንን የምስጋና መዝሙር አነሣሁ። ሁለት ሦስት ሰው ተቀበለኝ፤ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። አንዲት እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አዩኝ። አልተቆጡም። ብቻ አዩኝ። ሌሊቱ አለፈ እያልኩ ነበር እኮ፤ ለእሳቸው ገና መምሸቱ ነበር። መዝሙሩን ከመሃል አቆምኩት።

ቤት ገብቼ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3ን ከፈትኩ። የቺዝም መዝሙር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ከቁጥር 22 እና 23 ነው። ምዕራፉ 66 ቁጥሮች አሉት፤ በዕብራይስጡ በ22ቱ ፊደሎች ተራ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት መስመር ሆኖ የተቀመጠ ነው። ይህን በፈተና ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን ከቁጥር 22 በላይ ምን እንዳለ አንብቡት። ሙሾ አውራጁ በጨለማ እንደተቀመጠ፣ ቢጮኽም ጸሎቱ እንደተዘጋበት በቁጥር 8 ላይ ይናገራል። ማለት ጓደኛዬ ያለችውን ቃል ይላል! ማንም አልሰረዘበትም። መዝሙር 88ም እንዲሁ ነው፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ መጨረሻው ላይ ምስጋና ያስገባለት ሰው የለም። ከጥንት ጀምሮ በመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ ከምስጋናዎቹ ጋር ተቀምጧል። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን ስለ ኀዘን መዝሙራት ያሠለጠንኩ ሴት ነኝ። ከሩቅ ወዳጄ እውነተኛ የኀዘን መዝሙር ሲመጣልኝ ግን በደቂቃዎች ውስጥ አስተካከልኩት።

እዚህ ላይ ባለቤቴን ላስገባው ነው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ፈቅዶልኛል።

አንድ ዐርብ ሌሊት ውኃ ሊጠጣ ወጥ ቤት መጣና ስልኬ ላይ አፍጥጬ አገኘኝ። «ዛሬም አልመጣችም?» አለኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁለቱንም ስንኞች አነበብኩለት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «የሷ ይሻላል» አለ፤ «ግን ለምን ቀየርሽው?» አለኝ። «ለጉባኤው ይከብዳል ብዬ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የማን ቃል እንደሆነ ሁለታችንም ሰማነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የሴቶች ኮንፈረንስ እንድመሰክር ተጋብዤ ነበር። በአምስተኛ ወሬ ስላጨነገፍኩት ልጅ ጽፌ፣ እንደ ልማዳችን እንዲያይልኝ ሰጠሁት። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ አንድ ገጽ ሙሉ ሰረዘና በዳር ላይ «ለጉባኤው ይከብዳል» ብሎ ጻፈ። እኔም ያለዚያ ገጽ መሰከርኩ፤ ሰው ተባረከ። በክፋት አላደረገውም፤ እኔን ሊጠብቅ ነበር። እኔም ጓደኛዬን የሰረዝኳት በክፋት አልነበረም።

«ያን ገጽ አስቀምጠሽዋል?» አለኝ ከብዙ ዝምታ በኋላ።

«አስቀምጬዋለሁ።»

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

በዚያች ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። ያንን ገጽ አወጣሁለት፤ ቀዩ ቀለም ደብዝዟል፣ ግን ይታያል። ጮክ ብሎ አነበበው። ልጃችን ነበር እኮ፤ የእሱም ልጅ ነበር። በሃያ ዓመት ትዳር ስለዚያ ልጅ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በሚቀጥለው ዐርብ ይቅርታ ልጠይቃት ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ፤ ሦስቱም ውስጥ «ግን» የሚል ቃል ነበረባቸው። በመጨረሻ ማይክራፎኑን ተጭኜ እንዲህ አልኳት፦ «እህቴ፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። መስመርሽን ሳልጠይቅሽ ሰረዝኩ። እናትሽን እንኳ ሳትቀብሪ አልቅሰሽ ጨርሺ አልኩሽ። ይቅር በይኝ።» ከዚያም የራሷን ስንኝ፣ በራሷ ዜማ፣ ያለ ኪቦርድ፣ ያችን ትንፋሽ ጠብቄ ዘመርኩላት። ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ «ለ» መዘምራን ውስጥም የቆየሁት በግጥሜ ነው።

አንድ ዐርብ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። በሦስተኛው፣ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ስልኬ ድምፅ አሰማ። የድምፅ መልእክት ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ይሰማል። ከዚያ እሷ፤ ቃል ሳይኖረው፣ ዜማ ብቻ፣ የሁለተኛው ስንኝ ዜማ። ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን አሁንም ወርዶ ያርፋል። ሲያልቅ ትንሽ ሳቅ ብላ «ይቺን ደግሞ እንዳታስተካክያት። ማሽኑም ይቆይ» አለች። ከዚያ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፦ «ስትዘምሪልኝ እማማን የቀበርኩ መሰለኝ።»

«ደርሶኛል» አልኳት።

ያን ሰሞን ኮሌጅ የተማርኩትን ሌላ ታሪክ አስታወስኩ። በእንግሊዝኛ «ሃው ግሬት ዛው አርት» የሚባለውን መዝሙር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስዊድናዊው ካርል ቦበርግ በ1885 እ.ኤ.አ. ነጎድጓድና ዝናብ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አይቶ የጻፈው ግጥም ነበር፤ በአገሩ የቆየ ዜማ ይዘመር ጀመር። በ1907 ወደ ጀርመንኛ፣ ቀጥሎም ወደ ሩሲያኛ ተተረጎመ። በ1930ዎቹ ስቱዋርት ሃይን የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ከባለቤቱ ጋር በዩክሬን ሲያገለግል በሩሲያኛ ሰማው፤ በካርፓቲያ ተራሮች እየዞረ የራሱን የእንግሊዝኛ ስንኞች ሠራለት። ሃይን ቃል በቃል አልተረጎመም፣ ብዙ ለውጧል፤ ስለዚህ ለውጥ ሁሉ ስረዛ ነው ማለቴ አይደለም። አራተኛውን ስንኝ የጻፈው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ከአገራቸው ተፈናቅለው እንግሊዝ የገቡ ስደተኞች ወደ ቤታችን የምንመለሰው መቼ ነው እያሉ ሲጠይቁ ሰምቶ። አራተኛውን ስንኝ ስንዘምር የእነዚያ ስደተኞች ጥያቄ በአፋችን አለ ማለት ነው፤ ሳናውቀው ስንዘምረው ኖረናል።

እኛም አገር እኮ ይህን እናውቃለን። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሮ ሳለ መዝሙር ሠርቷል፤ መዝሙሮቹንም ውጪ ያለው ምእመን ዘመራቸው። ካሴት ከካሴት እየገለበጥን፣ ግጥሙን በእጃችን በደብተር እየቀዳን ያደግን ትውልድ ነን። ከእስር ቤት የመጣውን ቃል «ይከብዳል» ብለን ቀይረነው ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፈን ነበር?

የጓደኛዬን ስንኝ በረቡዕ ጸሎት አወጣሁት። እኔ አወረድኩ፣ እህቶች ተቀበሉኝ። ያቺ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉ እናት መጀመሪያ ዝም አሉ፤ «ሌሊት ለኔ ቀረኝ» የሚለው ሲደገም ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። አጠገባቸው ሌሎችም ወረዱ። ዝማሬው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። እሁድ ግን እስካሁን አልተዘመረም፤ መዘምራኑ ለጉባኤ ይሆናል አይሆንም በሚለው ገና አልተስማሙም። ባለቤቴ ይሁን ባይ ነው፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን ግን አሁንም ድምፁ መነሣት አለበት ይላል።

ልጇ አድጓል፤ በቁመት ከባለቤቴ በልጧል። እሷ እዚያው ናት፤ «የሚቀጥለው ዓመት» ትላለች፣ በየዓመቱ። የመዝሙሩ ሁለተኛ ስንኝ ቃል አግኝቷል፤ ልጇ ነው የጻፈው፣ ለአያቱ። አንድ ቀለም ይተርፈው ነበር። እናቱ በጣቷ ቆጥራ «እዚህ ጋ አንድ ይተርፋል» አለችው፤ እሱም «ይትረፍ» አላት፤ ተወችው።

ሦስተኛው ስንኝ የለም። ተራው የኔ ነው። ዛሬ ዐርብ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሻዩ ተጥዷል፣ ባለቤቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ልቀመጥ?» አለኝ። ወንበር ሳብኩለት።